ፓይል ክብደት ይሸከማል፤ መንቀጥቀጡንስ? የደሴ ተዳፋትና የኮምቦልቻ ደለል

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከከረመ ወዲህ፣ በደሴም በኮምቦልቻም ፎቅ የሚጀምር ሰው ስለ መሠረት መጠየቅ አብዝቷል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «ይሄ ሕንፃ ስንት ሬክተር ይችላል?» የሚል ሲሆን፣ መልሱም «ፓይል ገብቶለታል፣ አታስቡ» ይሆናል። ፓይል ማለት ከሕንፃው ሥር ጠልቆ የሚወርድ የአርማታ ምሰሶ ነው። ጥያቄውም መልሱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። የርዕደ መሬት መጠን የሚለካው ምንጩ ላይ የተለቀቀውን ጉልበት ነው። ሕንፃው የሚቀምሰው ግን ያ ጉልበት ተጉዞ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር አቋርጦ ሲደርስ የሚኖረውን መልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሥር ያለው 30 ሜትር ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ፓይሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አካባቢው ለመንቀጥቀጥ እንግዳ አይደለም። ሁለቱም ከተሞች ያሉት የወሎ ከፍታ ወደ አፋር ዝቅታ በሚሰበርበት ጠርዝ ላይ ነው፤ የቦርከና ሸለቆም ቢሆን ምድር ተሰንጥቆ በመስመጡ የተፈጠረ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በዚሁ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ካራቆሬ አጠገብ መጠኑ 6.5 አካባቢ የሆነ ርዕደ መሬት ደርሶ ማጀቴን አፈራርሷታል። ካራቆሬም ብዙ ቤት ወድቆባታል፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው ዋናው መንገድም በናዳና በስንጥቅ ተበላሽቷል። በዚያን ጊዜ የወደቀው ባብዛኛው የጭቃና የድንጋይ ቤት ነበር። ዛሬ በዚያው መስመር ላይ የቆመው ባለ አምስትና ባለ ሰባት ወለል የአርማታ ሕንፃ ነው።

ስለ ደንቡም አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ፣ ማለትም ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 8፣ ስሌቱን የሚጀምረው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ ከሚታሰበው መንቀጥቀጥ ነበር። በካርታው ላይ የሰጠው ከፍተኛው የአለት መሬት ፍጥንጥነትም (መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ፍጥነቱ የሚለዋወጥበት ልክ) የምድር ስበትን 10 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ደንብ ግን መነሻውን ወደ 475 ዓመት አሳድጎ፣ ከፍተኛውን ቁጥር 20 በመቶ አድርሶታል። ሕንፃው 50 ዓመት ይቆማል ብንል፣ የቀድሞው መነሻ በዚያ ዕድሜ ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው፤ የአሁኑ 10 በመቶ ነው። በድሮው ቁጥር ተሰልቶ መደርደሪያ ላይ የቆየ ፕላን ዛሬ አውጥቶ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ለአለት ናቸው። ደንቡ መሬትን ከሀ እስከ ሠ እንደማለት በአምስት ይከፍላል። አንደኛው አለት ነው፤ የሸር ሞገድ፣ ማለትም መሬቱን ወደ ጎን የሚወዘውዘው ሞገድ፣ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ይጓዝበታል። አራተኛው ለስላሳ ሸክላ ወይም ልል አሸዋ ነው፤ ፍጥነቱ ከ180 ሜትር በታች ይወርዳል። አምስተኛው ከ5 እስከ 20 ሜትር የሚሆን ልል አፈር በአለት ላይ ሲነጠፍ የሚፈጠረው ነው። በትልልቅ ርዕደ መሬቶች መደብ ለአራተኛው የሚሰጠው የአለቱ ፍጥንጥነት ማባዣ 1.35፣ ለአምስተኛው 1.4 ነው። ደሴ ላይ ጥቂት ሜትር ክምር አፈር ከሥሩ አለት ይዞ ስለሚገኝ ይህ አምስተኛው መደብ ቸል የሚባል አይደለም።

ማባዣው ብቻውን ሙሉውን አያሳይም። ለስላሳ አፈር ፈጣኑን ንዝረት ያደክምና ዘገምተኛውን ያጎላል። ሦስት ሜትር የወለል ቁመት ያለው ጂ ፕላስ 4 የአርማታ ሕንፃ ቁመቱ 15 ሜትር ነው፤ በደንቡ ቀመር አንዴ ወዲህና ወዲያ ለመወዛወዝ 0.57 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሞገድ ፍጥነቱ 160 ሜትር የሆነ 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ሸክላ ደግሞ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው፤ ጥልቀቱ በአራት ተባዝቶ ለፍጥነቱ ሲካፈል 0.5 ሰከንድ ይሆናል። አፈሩና ሕንፃው በተቀራረበ ምት ይወዛወዛሉ ማለት ነው። ይኸው ሕንፃ በአለት ላይ ቢሆን ከአለቱ ፍጥንጥነት 1.75 እጥፍ ይደርስበት ነበር፤ በአራተኛው መደብ ላይ ግን ወደ 3.4 እጥፍ ይጠጋል። የጎን ጉልበቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ፕላኑ ሳይለወጥ። ቁመቱ ስድስት ሜትር ተኩል ለሆነ ጂ ፕላስ 1 ልዩነቱ 35 በመቶ ብቻ ነው። ከደሴ ኮረብታ ላይ የተሠራ ፕላን ወርዶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሲደገም የሚጎዳው እንግዲህ ረዘም ያለው ፎቅ ነው።

ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንን በመራራ መንገድ አይታለች። የርዕደ መሬቱ ምንጭ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር፤ ሆኖም በጥንቱ የሐይቅ ሸክላ ላይ የቆሙት ከስድስት እስከ አስራ አምስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ሲረግፉ፣ ጥቂት ርቀው በጠንካራ መሬት ላይ የነበሩት ብዙም አልተነኩም። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ፓይል የነበራቸውም መውደቃቸው ነው። በሸክላው ግጭት ብቻ የተንጠለጠሉ ፓይሎች፣ ሕንፃው ሲወዛወዝ በአንድ ወገን እየተመነቀሩ በሌላው ወገን እየሰመጡ፣ አንዱን ባለ ብዙ ፎቅ ከነመሠረቱ ገልብጠውታል።

የኮምቦልቻ ሜዳ ቦርከናና ከዳገቱ የሚወርዱት ጅረቶች ያነጠፉት ደለል ነው። የእንዲህ ያለ ደለል ችግሩ ልልነቱ ብቻ አይደለም፤ ዥንጉርጉርነቱም ነው። በአንዱ ጉድጓድ ጠጠር ይወጣል፤ ሃያ ሜትር ራቅ ብሎ ጥቁር ሸክላ፣ ከሸክላው ሥር ውሃ ያዘለ አሸዋ። አሸዋው ልልና በውሃ የራሰ ከሆነ ሌላ አደጋ ይመጣል። ቁና ውስጥ ያለ ጤፍ ሲነቀነቅ ረግቶ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ልል አሸዋም ሲንቀጠቀጥ መርጋት ይፈልጋል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ግን በሰከንዶች ውስጥ የሚወጣበት የለውም። ስለዚህ ግፊቱ ወደ ውሃው ይዞራል፣ ቅንጣቶቹ መነካካታቸውን ያጣሉ፣ አፈሩም ለጊዜው እንደ ፈሳሽ ይሆናል። መሐንዲሶቹ ሊኪውፋክሽን የሚሉት ይህንን ነው።

ሁሉም ደለል ይህ አይደርስበትም። በደንቡ መሠረት መሬቱ ላይ የሚደርሰው ፍጥንጥነት ከነማባዣው ከስበት 15 በመቶ በታች ከሆነ፣ የሸክላ ድርሻው ከ20 በመቶ በላይና የፕላስቲሲቲ ቁጥሩ (አፈሩ እንደ ሊጥ ሆኖ የሚቆይበት የእርጥበት ስፋት) ከ10 በላይ የሆነ አፈር ከስጋቱ ይወጣል። ንጹሕ አሸዋም የተስተካከለው የኤስ.ፒ.ቲ. ቁጥሩ (የአፈሩ ጥንካሬ በመዶሻ ምት የሚለካበት ሙከራ ውጤት) ከ30 ካለፈ እንዲሁ። ጥቁሩ ዋልካ እንግዲህ በዚህ በኩል አያሰጋም። የሚያሰጋው በዋልካው ሥር ተደብቆ ያለው፣ ሦስት ሜትር ብቻ በተቆፈረ የሙከራ ጉድጓድ የማይታየው የአሸዋ ንጣፍ ነው።

«እንግዲያው ፓይል ነዋ!» ይባላል። እውነት ነው፣ ፓይል ጭነቱን ልሉን ንጣፍ አሳልፎ ወደ ጠጠሩ ወይም ወደ አለቱ ያወርዳል። ዘወትር የምናሰላውም ይህንኑ ቁልቁል የሚወርድ ጭነት ነው። በርዕደ መሬት ጊዜ ግን ፓይሉ ላይ ሁለት የጎን ጉልበቶች በአንድ ላይ ይመጣሉ። አንደኛው ከላይ ነው፤ የሚወዛወዘው ሕንፃ የፓይሉን ራስ ይገፋል፣ ይጎትታል። ትልቁ መታጠፍ የሚመጣው ፓይሉ ከፓይል ካፑ፣ ማለትም የፓይሎቹን ራስ ከሚያስተሳስረው የአርማታ ብሎክ፣ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ከጎን ነው፤ አፈሩ ራሱ ይንቀሳቀሳልና ፓይሉን እንደ ራሱ ያጎብጠዋል። ይኼኛው የሚከፋው ለስላሳው ንጣፍ አልቆ ጠንካራው በሚጀምርበት ድንበር ላይ ነው፤ ከላይ ያለው አፈር አንድ ነገር ሲያደርግ ከታች ያለው አይከተለውም፣ ፓይሉም በመካከል ይሰበራል።

እዚህ ላይ የሳይቱን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 15 ሜትር የሚወርድ ፓይል እንውሰድ፤ 12 ሜትሩ ልል አፈር፣ ከዚያ በታች ጠጠር ይሁን። ለቁልቁል ጭነት ብቻ ሲሰላ ፌሮው ከላይ ስድስት ሜትር ላይ ቢቆም ይበቃል ይባላል፣ ወጪም ይቆጥባል። 12ኛው ሜትር ላይ ግን፣ አፈሩ ሊሰብረው በሚመጣበት ቦታ፣ ፓይሉ ፌሮ የሌለው ሙልጭ ያለ አርማታ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከፓይል ካፑ ግርጌ ጀምሮ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ፣ ለዚህ ፓይል 1.2 ሜትር፤ እንዲሁም የንጣፎቹ ጥንካሬ ከስድስት እጥፍ በላይ በሚለያይበት ድንበር ላይ ከላይም ከታችም ሌላ 1.2 ሜትር፣ ስታፋው፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ እንደ ኮለን ጠበቅ ብሎ መታሰር አለበት። ዋናው ፌሮ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የስታፋው ርቀት ከስምንት እጥፉ፣ ማለትም ከ12.8 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በ25 ወይም በ30 ሳንቲ ሜትር የተጠመጠመ ስታፋ እነዚህ ቦታዎች ላይ የለም ቢባል ይቀላል።

ኒጋታ በምትባለው የጃፓን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1964 ልል አሸዋው ፈሳሽ ሆኖ መኖሪያ ሕንፃዎች ሳይሰበሩ እንዳሉ ተጋደሙ። ብዙ የሚወራው እሱ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሳይወድቅ የቀረ፣ ሰው ሲገለገልበት የኖረ አንድ ሕንፃ ሥሩ ሲቆፈር ፓይሎቹ ሁለት ቦታ ላይ ተሰብረው ተገኙ፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ፈሳሽ ከሆነው ንጣፍ ግርጌ። ከላይ ሲታይ ደህና የሆነ ሕንፃ ከሥሩ ምን እንዳለው አይታወቅም።

በዋልካ ላይ ደግሞ መጻሕፍቱ እምብዛም የማያነሱት የአገራችን ጉዳይ አለ። ፓይል የጎን ግፊትን የሚቋቋመው ባብዛኛው በላይኛው ክፍሉ፣ የውፍረቱን ከአምስት እስከ አስር እጥፍ በሚሆነው ርዝመት ነው። በበጋ ዋልካው ሲደርቅ የሚሰነጠቀውና ከፓይሉ የሚሸሸው ይኸው የላይኛው አፈር ነው። መንቀጥቀጡ ሚያዝያ ላይ ቢመጣ ፓይሉ ተደግፌበታለሁ ያለው አፈር ላይኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት የላይኛውን አንድ ሜትር ወይም ሜትር ተኩል ከስሌቱ አውጥቶ ማየት፣ ወይም በፓይል ካፑ ዙሪያ ዋልካውን አንስቶ በደንብ የተደለደለ ሰሌክት (የተመረጠ ሙሌት አፈር) መሙላት ደግ ነው።

ወደ ደሴ ሲወጣ ጉዳዩ ይለወጣል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ አዝዋ ገደል ባለው ተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው ፈተናው ውሃ ያዘለ አሸዋ ሳይሆን ከላይ የተንከባለለ ክምር አፈርና ቋጥኝ፣ ደግሞም ራሱ ቆፍሮ የሞላው ሙሌት ነው። አንድ ስህተት ደጋግሞ ይታያል። መሰርሰሪያው ጠንካራ ነገር ይመታል፣ «አለት ተገኘ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሥራው ይቆማል። የተመታው ግን በአፈር ውስጥ የተንሳፈፈ አንድ ቋጥኝ ሊሆን ይችላል። አለት ነው ለማለት ቢያንስ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ውስጡ በኮር መሰርሰርና የወጣውን ናሙና በሳጥን ደርድሮ ማየት ያስፈልጋል። ከቋጥኙ ሥር እንደገና ጭቃ ሲወጣ ያየ ባለሙያ ይህንን አይከራከርም።

ተዳፋት መንቀጥቀጡንም ያጎላል። ቁመቱ ከ30 ሜትር በላይ በሆነ ገደል ጫፍ አጠገብ ደንቡ ቢያንስ 1.2 ማባዣ ይጨምራል፤ ጠባብ ጀርባ ላለው፣ ተዳፋቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ለሆነ ኮረብታ ቢያንስ 1.4። ይህ ከአፈሩ ማባዣ ላይ ተደርቦ ይባዛል። እይታው ያማረ የገደል አፍ ቦታ በዚህ በኩል ውድ ቦታ ነው።

ሌላው የተዳፋት ችግር ኮለኖቹ ናቸው። በዳገቱ በኩል 1.5 ሜትር፣ በቁልቁለቱ በኩል 3 ሜትር ኮለን ሲቆም፣ አጭሩ ከረጅሙ በስምንት እጥፍ ይጠነክራል፤ ጥንካሬው በቁመቱ ኩብ ስለሚለዋወጥ። የጎን ጉልበት ደግሞ የሚሄደው ወደ ጠንካራው ነው። ስለዚህ ጥቂት አጫጭር ኮለኖች የሕንፃውን ሁሉ ድርሻ ተሸክመው በመጀመሪያ ይሰነጠቃሉ። መድኃኒቱ መሠረቱን በደረጃ አውርዶ ቁመቶቹን ማቀራረብ፣ ወይም ሸር ዎል፣ ማለትም የጎን ጉልበት የሚሸከም የአርማታ ግድግዳ፣ አስገብቶ ጉልበቱን ከእነሱ ላይ ማንሳት ነው። ግማሹ ሕንፃ በተቆረጠ አለት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ሲያርፍ ያንኑ ያህል ይከፋል። ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ልክ ይንቀሳቀሳሉና ስንጥቁ የሚጀምረው ከመገናኛው መስመር ነው። በሙሌቱ በኩል ብቻ ፓይል ማስገባትም ስሌት ከሌለው መፍትሔ አይደለም።

መሬቱ ራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ተራ ፓይል አያቆመውም። ናዳ ፓይሉን የሚገፋው በተንሸራተተው ንጣፍ ውፍረት ሁሉ ነው። ያ ጉልበት ከሕንፃው የሚመጣውን እጅግ ይበልጣል። እዚያ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ውሃውን ማውጣት ነው። ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ ደረቅ ጠጠር፣ ግንቡ ላይ ማስተንፈሻ ቀዳዳ፣ ከላይ የክረምቱን ጎርፍ የሚያዞር ቦይ። በሲሚንቶ ተለስኖ ቀዳዳው የተደፈነ ግንብ በነሐሴ የውሃውን ግፊት ብቻ ለመሸከም ይታገላል፣ መንቀጥቀጥ ሳይጨመርበት።

ከሁሉም በላይ ትንሽ ወጪ ጠይቆ ብዙ የሚያድነው፣ በሁለቱም ከተሞች ግን በተሳሳተ ቦታ የሚቀመጠው ነገር ፉቲንጎችን (ከየኮለኑ ሥር ያሉትን የአርማታ መሠረቶች) ወይም ፓይል ካፖችን የሚያስተሳስረው ቢም ነው። የተለመደው አሠራር ፉቲንጉን ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ማውረድ፣ ኮለኑን በሙሌት ውስጥ ማሳለፍ፣ ከዚያ ግሬድ ቢሙን መሬት ላይ መጣል ነው። ፉቲንጉና ግሬድ ቢሙ መካከል የሚቀረው ኮለን ማንም የማያየው፣ ልል አፈር ብቻ ያቀፈው ነው። ደንቡ ይህን አጭር ኮለን በግልጽ ይከለክላል፤ የሚያስተሳስረው ቢም ግርጌ ከፉቲንጉ ወይም ከፓይል ካፑ ራስ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ግሬድ ቢሙ ለግድግዳ ተሸካሚነት ከላይ ቢቀርም፣ ታች ሌላ ማሰሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው።

መጠኑም ተወስኗል፤ ወርዱ ከ25 ሳንቲ ሜትር አያንስም፣ ቁመቱ እስከ ሦስት ወለል 40፣ አራትና ከዚያ በላይ ለሆነ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚሸከመውን እናስላ። በአራተኛው መደብ መሬት ላይ፣ የአለቱ ፍጥንጥነት ከስበት 15 በመቶ ቢሆን፣ 100 ቶን የሚያወርድ ኮለን ያለበት ቢም 12 ቶን ያህል መጎተትና መገፋት መቻል አለበት። ይህን የሚሸከመው ሁለት ባለ 16 ፌሮ ነው። አነስተኛው የፌሮ መጠን ራሱ፣ ማለትም ከላይም ከታችም 0.4 በመቶ፣ ለ25 በ50 ቢም ሦስት ሦስት ባለ 16 ያስገባል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ተሸፈነ። ጥቂት ኩንታል ፌሮ ነው። ፎቁ ላይ ለሚለጠፈው የመስታወት ግድግዳ የሚወጣውን ያህል አይሆንም።

የአፈር ምርመራውን በተመለከተ ባለቤቱ ሊጠይቅ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ኤስ.ፒ.ቲ. ማለት 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ማንኪያውን 45 ሳንቲ ሜትር ለማስገባት የሚፈጀው ምት ነው፤ የመጀመሪያው 15 ሳንቲ ሜትር አይቆጠርም። ይህ ሙከራ በየ1.5 ሜትሩ መደገም አለበት። ማንኪያው ጠጠር ሲመታ ቁጥሩ ይዘላል፣ አፈሩ ግን አልጠነከረም፤ ሪፖርት ላይ 12፣ 14፣ 50፣ 11 የሚል ተራ ካለ 50ው መጠርጠር አለበት። የከርሰ ምድር ውሃው የት ላይ እንደተገኘ ከነቀኑ ይጻፍ፤ የየካቲት ንባብ ለነሐሴ አይሆንም። የመሬቱ መደብም በፊደል ተለይቶ ይቀመጥ። የጎረቤትን ሪፖርት ስም ለውጦ ማቅረብ፣ ከላይ በተባለው ዥንጉርጉር ደለል ላይ፣ ባዶ ወረቀት ከማቅረብ አይሻልም።

ፓይሉ ሲሞላ የሚበላሸውም የታወቀ ነው። ከግርጌ የተጠራቀመ ጭቃ ሳይጸዳ አርማታ ይለቀቃል። የመሙያው ቧንቧ ጫፍ ሁልጊዜ ሁለት ሜትር ያህል አርማታው ውስጥ ተቀብሮ መቆየት ሲገባው፣ ሥራውን ለማፋጠን ቶሎ ይመዘዛል፤ በዚያች ቅጽበት ጭቃ ገብቶ ፓይሉን ይቆርጠዋል። ከላይ የሚመጣው የላሸቀ አርማታ እስከ ጤናማው ድረስ ሳይቆረቆር ፓይል ካፑ ይጣልበታል፤ ትልቁ መታጠፍ የሚመጣው እዚያው ነው። ለቁልቁል ጭነት እነዚህ ጉድለቶች ለዓመታት ሳይታወቁ ሊኖሩ ይችላሉ።

ሕንፃው አስቀድሞ ቆሞ ከሆነ መሠረት መለወጥ ከባድና ውድ ነው፣ ሆኖም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በተዳፋት ላይ የድጋፍ ግንቡን ቀዳዳ መክፈትና የጣሪያ ውሃን ከመሠረቱ ማራቅ በአንድ በጋ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለሱቅ ተብሎ ግድግዳው የተነሣበት ምድር ቤት ላይ በመሐንዲስ ስሌት አንድ ሁለት ሸር ዎል መጨመር ይቻላል፤ ጉልበቱ ወደ እነሱ ስለሚሄድ ግን ከሥራቸው ያለው መሠረት አብሮ መስፋት አለበት። ጣሪያ ላይ የተሰቀለው 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ሙሉ ሲሆን 10 ቶን ነው፣ ያውም ውዝዋዜው በሚብስበት ቦታ። እሱን መሬት ላይ አውርዶ፣ ከላይ ትንሽ ሮቶ ብቻ ትቶ በፓምፕ መሙላት ፎቁን በሙሉ የሚያቀል፣ ቁፋሮ የማይጠይቅ ሥራ ነው።